ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄደው ኩሊ

ባለፈው ሰሞን ቡሬ፣ እቤቴ፣ አንድ ካርቶን ተከፈተ። የሳሙና ካርቶን እንዳይመስላችሁ። ልጄ ናሆም እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ እናቱ ጠረጴዛውን ወልውላ፣ እኔ በስልኬ እንድቀርጽ ታዝዤ፣ ሙሽራ ከመጋረጃ የምትወጣ ይመስል ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ከውስጡ የወጣው በእጅ የሚያዝ አዲስ ጌም ነው። ስፋቱ ከዳዊት መጽሐፍ እምብዛም አይበልጥም። ዋጋውን ለናንተ ቀርቶ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩም።

ይህ ልጅ ዕቃውን መጠበቅ የጀመረው ዕቃው ገና ሳይወለድ ነው። ኩባንያው «አዲስ ልናወጣ ነው» ሲል ያያል። «የምናወጣበትን ቀን የምንናገርበትን ቀን በቅርቡ እንናገራለን» ሲልም ያያል። አንድ ጥቁር ካናቴራ የለበሰ ሰውዬ መድረክ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ «ከአምናው በሁለት ግራም ቀለል ብሏል» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ይደርሳል። እኔ ከአምናው ስምንት ኪሎ ጨምሬ አንድም ሰው አላጨበጨበልኝም። በመጨረሻ አጎቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከለትና ተገላገልን።

ካርቶኑ ሲከፈት ሽታው ወጣ። አዲስ ፕላስቲክ። ተሰክቶ ሲበራና ሞቅ ሲል ደግሞ ያ ሌላው ሽታ መጣ፤ አቧራ ሲጠበስ፣ ሽቦ ሲሞቅ የሚሸተው። ቀና ብዬ ናሆምን አየሁት። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን የሚያይበት ቦታ እኛ ያለንበት ክፍል አይደለም። ከንፈሩ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል።

«ናሆም፣ እራት ቀርቧል።»

ዝም።

«ናሆም፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው።»

ዝም። እናቱ ሳቀች። እኔ ቀልዱን የጀመርኩት ሰውዬ ግን መሳቅ አቃተኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። እንዲያውም አንድ ሰሞን ሙሉ እኔ ነበርኩ የለበስኩት።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዐቢይ ጾም ነው። የዚያ ዓመት ፀሐይ የሌላው ዓመት ሦስት እጥፍ ነበረች፤ ካላመናችሁኝ የላህን ወንዝ ጠይቁት፣ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ነበር የከረመው። እኔን ግን ፀሐይ አላገኘችኝም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋሽ አስማረ ጌም ቤት እገባለሁ፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ ነው፣ ቀን ሌት አይታወቅበትም። አሥራ አራት ኢንች ቴሌቪዥን አለ። ፊትህን ስታስጠጋበት የክንድህ ፀጉር ይቆማል። ያ የሚጠበስ አቧራ ሽታ ከሃያ ልጅ እግር ሽታ ጋር ተደባልቆ ልብስ ላይ ስለሚቀር እናቴ ሸሚዜን አሽትታ የት እንደዋልኩ ትነግረኝ ነበር።

ቤቱ የአስማረ አይደለም፤ የአያ እንየው ነው። አያ እንየው የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሁለት ጎረቤት ሲጣላ አስቀድሞ የሚጠራው የሳቸው ስም ነው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ የኋላውን ክፍል ለራሳቸው ይዘው የፊቱን ለአስማረ አከራዩት። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የጭቃ ግድግዳ እንጂ በር የለም። ወደ አያ እንየው ለመግባት ከመንገዱ ወጥቶ ቤቱን ዞሮ በጓሮ መምጣት ያስፈልጋል። አስማረ ደግሞ የፊቱን ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኛ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሱና ሚስቱ እታ ዘውድነሽ፣ አልጋቸው፣ ሳጥናቸውና የጤፍ ጎታቸው።

ጌሙ አንድ ነበር። ካሴቱ ላይ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጨዋታ አለ ተብሎ ተጽፏል፤ እውነቱ ግን ሦስት ጨዋታ ነው፣ ቀለሙን እየቀያየረ የሚመጣ። እኛ የምንወደው አንዱን ነው። ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ አለ፤ ኩሊው እንለዋለን። ኩሊው ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ጉድጓድ ይዘላል፣ ከሚወድቅበት ድንጋይ ያመልጣል። ወደ ግራ መመለስ አይችልም። ወደ ግራ ስትገፋው በማይታይ ግድግዳ ተይዞ እግሩን ብቻ ያንፈራግጣል። ያለፈው መንገድ ከስክሪኑ ጫፍ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል፤ ዛፉም ቤቱም አብሮ።

ይህ ነገር ራሴ ውስጥ ገባ። ዓለምም እንደዚሁ ናት ብዬ አመንኩ፤ ያለፍከው ሁሉ ከጀርባህ ይጠፋል፣ ዞር ስትል ብቻ በጥድፊያ ተመልሶ ይሠራል። እቤት ስሄድ ከጀርባዬ ዛፎቹና ቤቶቹ እንዳይዘጋጁብኝ ብዬ ድንገት ዞር እል ነበር። ብዙ ጊዜ ይቀድሙኛል። አንድ ቀን ግን ያዝኳቸው። የእታ ብርነሽ የሽንኩርት ጉልት እዚያው ጥግ ላይ ነበር፣ አሁን ሰላም ብያት አልፌያለሁ፤ ዞር ስል ጉልቱ የለም፣ እታ ብርነሽ የለችም፣ የተጠረገ መሬት ብቻ። ሰብስባ ገብታ ይሆናል ትሉኝ ይሆናል። እናቴም እንዲሁ ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ዞር ማለቱን ተውኩት።

አያ እንየው ከሰዓት በኋላ በዱላቸው እየተመረኮዙ መጥተው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ጌም ሊያዩ መጡ እንዳይባል ቴሌቪዥኑን አንድ ቀን አላዩትም። የሚያዩት እኛን ነው። በተለይ ጆይስቲኩን የያዘውን ልጅ፤ ፊቱን፣ ዓይኑን። አጎንብሰው፣ ሳይናገሩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ልጆቹ «አያ እንየው በዓይናቸው ይበላሉ» አሉ። እኔም አመንኩ። እናቴ ጤና አዳም ኪሴ ውስጥ ሰፍታልኝ ነበርና ተራዬ ሲደርስ በአንድ እጄ ጆይስቲኩን፣ በሌላው ኪሴን ይዤ እጫወት ጀመር፤ በአንድ እጅ ኩሊውን ሦስተኛው ድልድይ ድረስ ያደረሰ ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ቀን ተራዬ አልቆ ስወጣ በዱላቸው ጫፍ አስቆሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ስትጫወት ሰው ሲጠራህ ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም፣ አያ።»

ውሸቴን ነበር። እናቴ ሦስት ጊዜ ስትጠራኝ ሦስቱንም እሰማለሁ። አራተኛው ዱላ ይዞ እንደሚመጣ ስለማውቅ በሦስት ተኩል እነሳለሁ።

አያ እንየው ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት። «አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲያ ነው የሚባለው።» ዱላቸውን ከመንገዴ አነሱልኝ።

በጾሙ እኩሌታ ላይ ከቡሬ ወሬ መጣ። ቡሬ ጠመንጃ ያለው ጌም ገብቷል፤ ጠመንጃውን ቴሌቪዥኑ ላይ ደግኖ የሚተኩስ ልጅ ወፍ ይጥላል። ወሬው ከቡሬ ሲነሳ እንዲህ ነበር። ማንኩሳ ሲደርስ ልጁ የጣላትን ቆቅ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንስቶ ለእናቱ ወሰደላት ሆነ። እኛ ጋ ሲደርስ ቆቋ በጾም በመታረዷ ልጁና እናቱ ንስሐ ገብተዋል ተባለ። ትልልቆቹ ልጆች በጭነት መኪና ተንጠልጥለው ቡሬ መሄድ ጀመሩ። ጌም ቤታችን ሳሳ።

አስማረ በዚህ ተቆጣ። የሚስቱን የአንገት ወርቅ ሸጦ አዲስ አበባ ወረደ። ሐሙስ ማምሻውን ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነበር። ሳይከፍተው በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ቅዳሜ በገበያው ቀን፣ አዲስ ጌም፣ ባለ ሁለት ጠመንጃ፤ የቡሬው አንድ ነው። ዛሬ ናሆም በኢንተርኔት የሚይዘውን ወረፋ እኛ በድንጋይ ነበር የምንይዘው፤ ልክ እንደ ቧንቧ ውኃ። ማታውኑ ከበሩ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድንጋይ ተሰለፈ። የመጀመሪያው ድንጋይ የእኔ ነበር፤ ስሜን በከሰል ጽፌበታለሁ።

አርብ ጎህ ሲቀድ እታ ዘውድነሽ አክስቷ ሞታባት ለለቅሶ ሰከላ ሄደች። አርብ ቀትር ላይ አስማረ ከመጋረጃው ወዲያ ገብቶ ካርቶኑን አጣው። አልጋውን ገለበጠ፣ ሳጥኑን ዘረገፈ። የለም። ወጥቶ በሩ ላይ ሲቆም ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። የሚስቱ ወርቅ ነው የጠፋው እንግዲህ፤ እሷ ደግሞ መጥፋቱን ገና አላወቀችም።

ማንም ሳይናገር የሰው ዓይን ወደ ግራ ዞረ። ከጌም ቤቱ በስተ ግራ ያለው ደጃፍ የሸማኔው የአበረ ነው። አበረ ጫጫታችሁ የድሬን ቁጥር ያጠፋብኛል እያለ ከአስማረ ጋር ሦስት አራት ጊዜ ተነጋግሯል። ደግሞ ሸማኔ ነው፤ በዚያ ዘመን ሸማኔ ላይ ምን ይባል እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ አስማረ ጮክ ብሎ፣ ወደ አበረ ደጅ እያየ። የአበረ መወርወሪያ ድምፅ ከውስጥ ቆመ። ያን ቀን አልቀጠለም።

ቅዳሜ ነጋ። ከጅጋ፣ ከማንኩሳ፣ ከየገጠሩ ለገበያ የመጣ ሰው ሁሉ ባለ ሁለት ጠመንጃውን ሊያይ ደጃፉን ሞላው። የሚመረቅ ጌም ግን የለም። አሮጌውን ማን ይነካዋል? ሰው ሁሉ አዲሱን እየጠበቀ ውጭ ሲቆም አሮጌው ጌም ያለ ባለቤት ቀረ፤ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ለብቻዬ፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ ክፍያ ኩሊውን እነዳለሁ። ለጌሙ ስቸኩል ቁርሴን ትቼ ወጥቻለሁ፤ ከትናንት ወዲህ እህል ከአፌ አልገባም። ጆሮዬ ውስጥ ንብ አለ። ስክሪኑ አንዳንዴ ይርቃል፣ አንዳንዴ ይቀርባል።

ውጭ አንድ የደጋ ሰው «ድሮ ቢሆን ሌባ ሻይ ያወጣው ነበር» ሲል ሰማሁ።

ሌባ ሻይ በአያቶቻችን ጊዜ የነበረ የሌባ መፈለጊያ ነው። ያልደረሰ ልጅ ይመረጥና ቅጠል የተበጠበጠበት ወተት ይጠጣል። ራሱን ሲስት ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ አንድ ሰው የመቀነቱን ጫፍ ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ተንደርድሮ የማን አልጋ ላይ ከተጋደመ፣ ሌባው የአልጋው ባለቤት ነው። ይግባኝ የለውም።

«አያ፣ አንቱ አይደሉ በልጅነትዎ ያወጡት?» አለ አስማረ። ድምፁ ልምምጥ ነበረው። «ከብት የሰረቀውን፣ ያን ሰውዬ።»

ሕዝቡ ወደ አያ እንየው ዞረ። ትልልቆቹ ያውቁ ነበር ለካ። እኔ ገና መስማቴ ነው።

«ተው፣ አስማረ» አሉ አያ እንየው። «የተከለከለው እንዲያው አይደለም።»

«የተከለከለው ቅጠሉ ነው። እኔ ቅጠል የለኝ፣ ወተት የለኝ። ይኸው ልጁ ራሱን ስቶ ተቀምጧል።»

የትኛው ልጅ እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልወሰደብኝም። የበሩ ብርሃን በሰው ተጋረደ። «ስሙን ጥራው እስቲ» አለ አንዱ። ጠሩኝ። አልዞርኩም። ሌላው ጆሮዬ ሥር አጨበጨበ። ዓይኔን አልነቀልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነቅቻለሁ። ሁሉንም እሰማለሁ። ግን መቶ ሰው ዝም ብሎ እኔን ብቻ ሲያይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ከቡሬው ጠመንጃ የሚበልጥ ጌም ነው የተሰጠኝ። ሁለት እርምጃ ልራመድና ዞሬ ልስቅባቸው ቆረጥኩ።

አስማረ ወገቤን በመቀነት አሰረኝ። ጆይስቲኩን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱት። ጣቶቼ ግን ባዶውን መጫናቸውን ቀጠሉ፤ ያን እኔ አላዘዝኳቸውም።

ተነሳሁ። ወጣሁ። ፀሐይዋ ነጭ ነበረች፣ ሰውም ነጭ ነበር። በግራ በኩል አበረ ደጁ ላይ ቆሟል፤ እጁ ላይ የተጠቀለለ ድር አለ፣ አልለቀቀውም። አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች አጠገቡ ቆመዋል። መቀነቱ ሆዴ ላይ ሲሳብ ተሰማኝ። አስማረ ወደ ግራ እየጎተተኝ ነው፤ በቀስታ፣ ሰው እንዳያይበት።

ሳቄ እዚህ ላይ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። እግሬም አልቆመም።

ወደ ቀኝ ሄድኩ። ኩሊው ወደ ግራ አይሄድም።

የቤቱ ጥግ ጋ ስደርስ እንደገና ወደ ቀኝ። ከቅንጭቡ አጥር ሥር ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ አንድ ውሻ ተኝቶበት ነበር፣ አየኝና ሳይጮኽ ተነስቶ ሄደ። ከኋላዬ መቶ ሰው ይከተለኛል፤ አንድም ኮቴ አይሰማም። ዞር ብል መንገዱም፣ ገበያውም፣ ፍኖተ ሰላምም እንደማይኖሩ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ተመልሰው ለመሠራት ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ አልዞርኩም። የጌሙ ሙዚቃ ከኋላዬ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ጠፋ። እንደገና ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ሙዚቃው ተመልሶ መጣ። ከፊቴ። ልክ እኔን ቀድሞ ዞሮ የሚጠብቀኝ ይመስል፣ ከአንድ ግድግዳ ውስጥ፣ አፉን በጨርቅ እንደታፈነ ሰው ያንጎራጉራል።

ፊት ለፊቴ የተከፈተ በር ነበር። ገባሁ። ጨለማ፣ የቆዳ ሽታ፣ የደረቀ ጤና አዳም። አልጋው ላይ ወደቅሁ።

ከግድግዳው ወዲያ ኩሊው ያለ እኔ ሞተ፤ የመሞቻ ዜማውን ሰማሁት።

ሰዎቹ በሩ ላይ ቆሙ። ማንም አልገባም። ሁሉም የማን አልጋ እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም ሊለው አልፈለገም። የዱላ ድምፅ ከኋላ ቀስ እያለ መጣ፤ ሰው ከፍሎ አሳለፋቸው። አያ እንየው እኔን አዩ፣ አልጋውን አዩ።

«የእኔ ነው» አሉ። «ልጁ አልተሳሳተም።»

አስማረ መቀነቱን ለቀቀው። «አያ፣ ይቀልዳሉ።»

«ቀልድ አላውቅም። ጊደሬን ፈትተህ ንዳት። ካልበቃህ ኪራዩን እስኪበቃህ ድረስ አትክፈል።»

«ዕቃውስ? የት አለ?»

«ዕቃውን አትጠይቀኝ።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አበረን ግን ከደጁ ልቀቁት። ሥራ አለበት።»

ዱላ የያዙት ሰዎች ሲሄዱ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ የአበረ መወርወሪያ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ታዋቂ ሆንኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አህያ፣ አንድ የጠፋች ሙሽራና አንድ የጥርስ ወርቅ እንድፈልግ ተለመንኩ። ልጆቹ አጠገቤ መቀመጥ ፈሩ፤ ወንበሩ ላይ እኔ ስቀመጥ ሌላው ባዶ ይሆናል። እናቴ በየጠዋቱ ጠበል ታጠጣኝ ጀመር። ቀስ በቀስ እኔም ራሴን ፈራሁት። እውነት አልጋው ጠርቶኝ ቢሆንስ? እውነት አያ እንየው ሰርቀው ቢሆንስ?

እድሩ ዳኝነቱን ለሌላ ሰጠ። መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው አይነሳላቸውም፤ ሕፃናት «ሌባው» ይላሉ። ጊደሯ በአስማረ ደጅ ታስራ ፊቷን ወደ ጓሮው አዙራ ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች። አያ እንየው ጌም ቤት መምጣት ተዉ። በርጩማቸውን ግን ማንም አላነሳውም። ስጫወት ባዶው በርጩማ ከጎኔ ፊቴን ያየኛል፤ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጉንጬ ይሞቅ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሳላቸው ይሰማኛል። እኔ ስንቀሳቀስ ይስላሉ፣ ሳቆም ያቆማሉ።

በሆሳዕና ዋዜማ እታ ዘውድነሽ ከሰከላ ተመለሰች። ጤፍ ልታስፈጭ ጎታውን ከፈተች፣ እጇን እስከ ብብቷ ከተተች፣ ካርቶኑን አወጣችው። ጤፉን ከላዩ እፍ አለችበት።

«ምነው ታዩኛላችሁ?» አለች። «ሌባ እንዳይወስደው ብዬ ነው። ወርቄ አይደለም እንዴ?»

አስማረ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጊደሯን እየጎተተ፣ ቤቱን ዞሮ አያ እንየው ደጅ ተንበረከከ። ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎታል፤ እኔ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ነኝ።

«ድንጋዩን አውርድ፣ አንገት ያስፈልግሃል» አሉት። «ይቅር ብዬሃለሁ። ጊደሯን ግን መልሰህ ውሰዳት።»

«አያ፣ ምንም አልሰረቁም እኮ። ልጁ ተሳስቶ ነው።»

«አልተሳሳተም። ሌላ ዕቃ ነው ያገኘው።»

አስማረ ያልገባው ሰው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። ሰዉ ሲበተን አያ እንየው በዱላቸው እኔን ጠቆሙ። እናቴ ገፋ አደረገችኝ። ገባሁ። በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ የገባ የፀሐይ ጨረር አልጋው ላይ ወድቆ ነበር፤ እንድቀመጥበት አዘዙኝ። አቧራው በጨረሩ ውስጥ ይሽከረከራል።

«ነቅተህ ነበር?»

 «አዎ፣ አያ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ደፉ ላይ ስትደርስ እግርህን አነሳህ።» በሩን አሳዩኝ። ደፉ ከፍ ያለ ግንድ ነው። «ራሱን የሳተ ልጅ ደፍ አያይም። ይደናቀፋል። ሰዉ ዓይንህን ሲያይ እኔ እግርህን ነበር የማየው።»

መሬት መሬት አየሁ።

«እኔም አንስቻለሁ» አሉ።

ከግድግዳው ወዲያ አስማረ አዲሱን ጌም እየገጣጠመ ነበር፤ ፕላስቲክ ሲንኳኳ ይሰማል። አያ እንየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በልጅነታቸው የሌባ ሻዩን ወተት ሳይጠጡ በአንገታቸው ሥር አፍስሰውት ነበር፤ በደረታቸው ሲወርድ ቀዝቃዛ እንደነበረ አሁንም ያስታውሱታል። ሌባ የተባለው ሰውዬ ማሳው ውስጥ ከብት ለቀቅህ ብሎ በአለንጋ ገርፏቸው ነበር፤ ሌላ ጥፋት የለበትም። ሮጠው አልጋው ላይ ወጡ። ሁለት በሬዎቹን ነዱበት። ሰውዬው ሚስቱን ይዞ አገር ለቀቀ፤ የት እንደገባ የሰማ የለም። ከቤቱ ሲወጣ ግን ሕፃኑን እንየውን ዞር ብሎ አየው። ፊቱን ሳይሆን እግሩን።

«ስልሳ ዓመት» አሉ፣ «እናንተን ስትጫወቱ የማየው ለዚያ ነበር። እንዲያ ሆኖ የማይሰማ ልጅ ይኖር እንደሆነ። አንድ እንኳ ቢኖር ምናልባት እኔም… » አልጨረሱትም። «የለም። ሁላችሁም ትሰማላችሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩብኝም፣ አያ?»

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ከባድና ደረቅ እጅ ነበር።

«ወደ አበረ ሲጎትቱህ ወደ ግራ አልሄድክማ። እኔ ሄጄ ነበር።»

ያኔ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ደግ ሆኜ እንዳልሆነ፣ አበረን ለማዳን እንዳልሆነ፣ ኩሊው ወደ ግራ ስለማይሄድ ብቻ እንደሆነ። እጃቸው ግን ራሴ ላይ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ እስከዚያ ቀን ያላየሁት እፎይታ አለ። አልነገርኳቸውም። ለማንም ሳልነግር ኖሬ ይኸው ለናንተ ነገርኩ።

ባለ ሁለት ጠመንጃው ጌም በትንሣኤ ማግስት ተመረቀ። አንደኛው ጠመንጃ አይሠራም ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ የእኔ ነበር፤ ተራዬን ለአበረ ልጅ ሰጠሁት።

እንግዲህ ቡሬ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከአምናው በሁለት ግራም የቀለለው ዕቃ ናሆም እጅ ላይ ያበራል። እናቱ እራቱ ቀዘቀዘ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ሦስተኛ ጊዜ ስሙን ጠራሁት፤ ቀስ ብዬ፣ በአያ እንየው ድምፅ።

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ተነሳ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ማንንም ሳያይ፣ በአጠገቤ አለፈ። ከጓዳው በር ደረሰ።

እኔ ፊቱን አላየሁም። ወደ ደፉ አየሁ።

እግሩን አነሳ።